የትኛው ጆሮ ነው የሚሰማው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ።

ከውስጤ አልወጣ ያለ አንድ ታሪክ አለ። በፈረንጆቹ ማርች 2019 ነው፤ ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ከተማ። አንድ የ78 ዓመት አዛውንት ሆስፒታል ተኝተዋል። አጠገባቸው ያለችው የልጅ ልጃቸው ብቻ ናት። ጎማ ያለው ሮቦት እየተንከባለለ ገባ። ስክሪኑ ላይ ከሌላ ቦታ ሆኖ በቪዲዮ የሚያናግራቸው ሐኪም አለ። ሳንባቸው እንዳለቀ፣ ምናልባትም ቤታቸው እንደማይመለሱ የነገራቸው በዚያ ስክሪን ነው።

አዛውንቱ አንዱ ጆሯቸው በደንብ አይሰማም። ሮቦቱ ደግሞ በሌላኛው የአልጋው ጎን መዞር አልቻለም። ስለዚህ ልጅቷ ሐኪሙ የሚለውን እየደገመች ለአያቷ ነገረቻቸው። አስቡት፤ መርዶውን ያረዳችው እሷ ሆነች።

እኛ ጋ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ገና ሳይነጋ ዘመድ ጎረቤቱ ተጠራርቶ ይሄዳል። ያ ሁሉ ሰው ወሬ ለማድረስ አይደለም የሚሄደው፤ የሚወድቀውን ለመያዝ ነው። ባሕር ማዶ ላለውም ቢሆን እዚያው የሚኖር ወዳጅ ተፈልጎ በሩን ያንኳኳል።

ታዲያ ጥፋቱ የስክሪኑ ነው? እንደዚያ ማለት ይከብደኛል። እምዬ፣ አያቴ ማለት ነው፣ ደብረ ብርሃን ታማ ስትተኛ እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ፊቷ ላይ ያዘችልኝ። እምዬ ስልኩን ወደ ራሷ ስባ ሳመችው። አንዴ አይደለም፣ ደጋግማ። የአክስቴ ልጅ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ መልሳ ያዘችልኝ። እኔ እዚያ ነበርኩ። እውነቴን ነው፣ ነበርኩ።

ቶኪዮ ውስጥ ደግሞ በ2021 የተከፈተ ዶን የሚባል ካፌ አለ። የሚያስተናግዱት ኦሪሂሜ የተባሉ ሮቦቶች ናቸው። ከጀርባ ሆነው፣ ከሩቅ የሚያንቀሳቅሷቸው ከቤት መውጣት ያቃታቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ የሚንቀሳቀስላቸው ዓይናቸው ብቻ ነው። ደንበኛው ከእነሱ ጋር ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ልብ በሉ፣ የፍሪሞንቱ ማሽን የሰው ፊት ያሳይ ነበር። ኦሪሂሜ ግን የሰው ፊት አያሳይም። ሰው የሚቀርበው ይሄኛውን ነው።

ሆስፒታል የምትሠሩ አድማጮች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሐኪሙ ሩቅ ከሆነ፣ እሺ፣ በስክሪን ይምጣ። ግን አስቀድሞ አንድ ሰው ይግባ። ወንበር ስቦ ይቀመጥ፣ እጃቸውን ይያዝ። የትኛው ጆሯቸው እንደሚሰማም ይጠይቅ።