ወፍራሙ ክር እንዲናገር

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ጅማ ነኝ፣ ክፍሌ ውስጥ። ቆርቆሮው ላይ የምትሰሙት ዝናብ ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ግን የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አብሮን ይሁን።

እንግዳ የለኝም ዛሬ። ስለ ቤዝ ጊታር ላወራችሁ ነው፤ በተለይ በጣም ወርዶ ስለተቃኘ ቤዝ። ቤዝ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ የሆነ ቦታ ላይ ዜማነቱ ይጠፋና ጉርምርምታ ብቻ ይቀራል። ደረታችሁ ላይ ይሰማችኋል፣ ግን የትኛው ኖታ እንደሆነ አታውቁትም። እኔ ከዚያ ጉርምርምታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። የባንዳችን ድምፃዊ ወፍራም ድምፅ አለው። ብዙዎቹን ዘፈኖች ለእሱ ስናወርድለት ማረፊያችን ቢ የሚባለው ኖታ ላይ ሆነ። ባለ አራት ክር ቤዝ ላይ ቢ አለ፣ ከኤ ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ታገኙታላችሁ፤ ፍሬት አንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት ዘንጎች ናቸው። እኔ ግን የፈለግኩት ከእሱ አንድ ኦክታቭ የሚወርደውን፣ ማለትም በግማሽ ፍጥነት የሚርገበገበውን የታችኛውን ቢ ነበር። ድምፃዊው ሲያርፍ ከስሩ መሬት እንዲኖር። በቃ፣ ወፍራሙን የኢ ክር አላልቼ ቢ ላይ አወረድኩት።

ክሩ ልፍስፍስ አለ። ስመታው ፍሬቶቹን እየመታ ይንቀጫቀጫል። እኔ ግን አጠገቡ ስለቆምኩ ወፍራም ድምፅ ሰማሁና ደስ አለኝ። በዚያው ሳምንት ሰርግ ነበረን። አዳራሹ ሙሉ ነው፣ ስፒከሩ ትልቅ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከልቤ ተጫወትኩ። ዕቃ ስንጠቀልል ድራመራችን ቀረብ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ዛሬ የት ነበርክ? አንድም ኖታ አልሰማሁህም» አለኝ። ሊነካኝ ብሎ አይደለም፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ለእሱ ቤዝ ማለት የሚደገፍበት ግድግዳ ነው፤ ያን ሌሊት ግድግዳው አልነበረም።

ቤቴ ገብቼ ማስላት ጀመርኩ። የኢ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የታችኛው ቢ 31 ጊዜ ገደማ። አስር ብቻ ነው ልዩነቱ፣ ትንሽ ይመስላል። የክር ውጥረት ግን ከርግብግቢቱ ጋር እኩል አይቀንስም፤ በካሬ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ያንኑ ክር ከኢ ወደ ቢ ስታወርዱት ከውጥረቱ የሚቀረው 56 በመቶ ብቻ ነው። ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው! ውጥረት የሌለው ክር ደግሞ ስትመቱት መጀመሪያ ወደ ላይ ይሸሽና ከዚያ ነው ወደ ቦታው የሚመለሰው። ጆሮ የቱን ይያዝ?

መፍትሔው ወፍራም ክር ነው። የተለመደው የኢ ክር 105 ይባላል፣ የኢንች 105 ሺኛ ለማለት ነው፤ 2.7 ሚሊሜትር ገደማ። ቢ ላይ ያንኑ ውጥረት ለማግኘት 140 አካባቢ ያስፈልጋል። እኔ ያገኘሁት 135 ነው፣ እሱም ይበቃል። ዘዴው ይኸውላችሁ፦ ለአምስት ክር ቤዝ የሚሸጠውን ትገዛላችሁ፣ ቀጭኑን ጂ ትተዉታላችሁ፣ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲን አራት ክር ቤዛችሁ ላይ ትጭናላችሁ።

ረጅም አንገት ያለው ቤዝ ቢኖር ደግሞ የበለጠ ይረዳል። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ካወጣ ጀምሮ የተለመደው የክር ርዝመት 34 ኢንች ነው። 37 ኢንች ያላቸው አሉ፤ በዚያው ክር ውጥረቱ 18 በመቶ ይጨምራል። እኔ ግን ያለችኝ ይቺው ናት።

ወፍራሙ ክር ግን አልገባ አለኝ። የአንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባት ጎድጎድ ጎድጎድ ያለች ነገር አለች፣ ነት የምትባለው። ጎድጓዷ ለ135 ጠባብ ናት። ጎረቤቴ በርጩማ የሚሠራ ሰው ነው፤ የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ። ቀጭን ሞረድ አዋሰኝ። ሁለት ጊዜ ሞረድ፣ አንዴ ክሩን አስገብቶ መለካት። ሁለት ጊዜ ሞረድ፣ አንዴ መለካት። በጥልቀት ከሞረዳችኋት ክሩ ወርዶ ፍሬት ይነካል፣ ያኔ ነቷን አውጥቶ መቀየር ነው። ስለዚህ ወደ ጎን ብቻ። ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀብኝ።

ክሩ ተወጠረ፣ ኖታው ጸና። ግን አሁንም አልጠራም። እዚህ ጋ ነው ብዙ የተማርኩት።

መጀመሪያ ክፍሌን ጠረጠርኩ። እናቴ ሲኒዎቿን የምታስቀምጥበት ቡፌ እኔ ከምለማመድበት ግድግዳ ጋር ነው። ሁልጊዜ ኤፍ ስመታ ሲኒዎቹ ይንጫጫሉ። ኢ ላይ ትንሽ፣ ኤፍ ላይ ኃይለኛ፣ ጂ ላይ ጸጥ። ክፍሉን ስለካው ርዝመቱ 4 ሜትር ሆነ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 4 ሜትር ክፍል ውስጥ በሁለቱ ግድግዳ መካከል እየተመላለሰ የሚያብጠው ድምፅ 43 ሄርዝ አካባቢ ነው፣ በሰከንድ 43 ጊዜ የሚርገበገብ። የታችኛው ኤፍ ማለት ነው! ክፍሉ ራሱ ኤፍ ላይ ተቃኝቷል። ቢን በዚያ መንገድ ለመሸከም ደግሞ አምስት ሜትር ተኩል ርዝመት ይፈልጋል። ስለዚህ እኔ ክፍሌ ውስጥ ስሰማው የነበረው ቤዙን ብቻ አልነበረም፣ ክፍሉንም ጭምር ነው። አምፑን ከጥግ አወጣሁት፣ ከግድግዳ አራቅኩት፣ እኔም ቦታ ቀየርኩ። ብዙ ተሻሻለ።

ዋናውን ያገኘሁት ግን ከበገና ነው።

የሑዳዴ ጾም ነበር። ቤታችን ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ አለች፣ ስፒከሯ መዳፌን አታክልም። በገና እየተደረደረ ነበር። በገና እንዴት ዝቅ እንደሚል ታውቃላችሁ፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ነው። ያቺ ሚጢጢ ሬዲዮ ደግሞ ያንን ጥልቅ ድምፅ ልታወጣ አትችልም። እኔ ግን እያንዳንዱን ክር ለይቼ እሰማለሁ። እጄን ከሥራዬ አንስቼ ቆምኩ። እንዴት ነው?

በማግስቱ በገና የሚያስተምሩ አንድ አባት ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይሄ ንዝረት ከየት ነው የሚመጣው?» አልኳቸው። በገናውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና አሳዩኝ። አስሩ ክሮች ከታች ገበቴው ላይ በተቀመጠች እንጨት ያልፋሉ፣ ብርኩማ ትባላለች። በእያንዳንዱ ክርና በብርኩማዋ መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ተሸጉጣለች። እንዚራ ይሏታል። አንዷን በጣታቸው ወደ ውስጥ ገፉና ክሩን መቱት፤ ድምፁ ታፈነ፣ ዱም ብሎ ቀረ። ደግሞ በጥፍራቸው ወደ ኋላ ሳብ አደረጓት፣ የጤፍ ፍሬ ታህል። መቱት። እዝዝዝ አለ፣ ቤቱን ሞላው። ክሩ ያው ነው፣ ቅኝቱ ያው ነው። «ይቺ ካልተናገረች ክሩ አይናገርም፣ ልጄ» አሉኝ።

ሳይንሱም እንደዚያው ነው የሚለው። የታችኛው ቢ ሲመታ 31 ብቻ አይደለም የሚያወጣው፤ 62፣ 93፣ 123 እያለ ወደ ላይ የሚደረደሩ ሃርሞኒኮች አሉት። አእምሯችን በመካከላቸው ያለውን እኩል ርቀት ይዞ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። ስፒከሩ 31ን ባያወጣ እንኳ እኛ ቢ ብለን እንሰማለን። በአባቴ ትንሽ ቴፕ የሮሃ ባንድን ካሴት እየሰማሁ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ በአፌ እከተል የነበረው ለዚህ ነው። ያ ቴፕ የኢን ክር እንኳ በሙሉ የማውጣት አቅም አልነበረውም።

እና እኔ ምን ሳደርግ ነበር? ቤዙ አልሰማ ሲል አምፑ ላይ የታችኛውን ድምፅ የሚጨምረውን ቁልፍ እጨምራለሁ። አሁንም አልሰማ ሲል አሁንም እጨምራለሁ። ጭቃው ላይ ጭቃ። መሥራት የነበረብኝ ግልባጩን ነበር። አሁን ከ30 ሄርዝ በታች ያለውን እቆርጠዋለሁ፣ ስፒከሩን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም። 250 አካባቢ ትንሽ እቀንሳለሁ፣ ድብልቅልቁ እዚያ ነው። ከ700 እስከ 1,000 ድረስ ከፍ አደርጋለሁ። ለብቻው ስትሰሙት አፍንጫ አፍንጫ ይላል፣ አያምርም። ከባንዱ ጋር ስትሰሙት ግን ቃሉ ይለያል። ቀጥሎ ድምፁን ለሁለት እከፍለዋለሁ። አንዱ ንጹሕ ሆኖ ከታች ይቆማል፤ ሌላኛው ላይ ዲስቶርሽን፣ ድምፁን የሚያሻክረውን፣ እጨምርና በጣም ዝቅ አድርጌ እቀላቅለዋለሁ። ዲስቶርሽን መሆኑን ማንም እንዳያውቀው፣ ሲጠፋ ግን እንዲናፈቅ። የኔ እንዚራ እሷ ናት።

እጅም አለ። የቀኝ እጄን ክሮቹ ከታች ወደሚያርፉበት ወደ ብሪጁ አስጠጋሁት፣ ሃርሞኒኩ እዚያ ይበዛል። ምቴን አለሰለስኩ። በጉልበት የተመታ ወፍራም ክር ይንገዳገዳል። ለመቃኘትም የስልክ ቲዩነር የታችኛውን ቢ ብዙ ጊዜ አይዘውም፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ጣታችሁን ነካ አድርጋችሁ በሃርሞኒክ ቃኙት፣ 62 አካባቢ ስለሚሆን ይይዘዋል።

ችክችካ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የታችኛው ቢ አንድ ጊዜ ለመርገብገብ 32 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የሰከንድ አንድ አስረኛ የምትቆይ ፈጣን ኖታ ሦስት ጊዜ ብቻ ተርገብግባ ታልቃለች። ጆሮ ኖታውን ሳይለየው አለፈች ማለት ነው። ስለዚህ ሩጫውን ከፍ ባሉት ኖታዎች እጫወተዋለሁ፣ ታች የምወርደው ለማረፍ ነው። ኪቦርድ የሚጫወተውንም ወንድማችንን «ግራ እጅህን ከታች አንሳልኝ» ብዬ ለመንኩት። ሁለት ሰው አንድ ጠባብ በር ላይ ነበርን። እሺ አለኝ፣ አመሰግነዋለሁ።

ክርን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። እርጥበታችን ክር ያዝጋል፣ የዛገና የቆሸሸ ክር ደግሞ መጀመሪያ የሚያጣው ያንን የላይኛውን ድምፅ ነው። ከተጫወታችሁ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። አዲስ መግዛት ካልተቻለ ፈትታችሁ አሥር ደቂቃ ቀቅሉትና በደንብ አድርቁት፤ ለጥቂት ቀናት ይነቃል።

አሁን ላሰማችሁ። ስልክ ላይ የምትሰሙኝ ከሆነ ኢርፎኑን አውጡት፣ በስልኩ በራሱ ስፒከር ስሙት። መጀመሪያ እንደ ድሮዬ፣ ታችኛው ብቻ።

[ቤዝ]

ምንም አልሰማችሁም አይደል? ምናልባት ጠቅ የምትል ነገር። አሁን ያንኑ ቢ፣ ያንኑ ክር፣ ከላይኛው ጋር። ዝናቡም ቀለል ብሏል፣ ጥሩ ነው።

[ቤዝ]

ይኸው። አንድ ጊዜ ልድገመው፣ እስኪያልቅ ድረስ ስሙት።

[ቤዝ]