«ገመድ ነው፣ ምን አለው?»

የተከበራችሁ እንግዶች፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ እናንተም የዛሬ ተመራቂ መካኒኮች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

የተጠራሁት ስለ ሙያ ክብር እንድናገር ነው። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንድ ካቮ ላወራ ነው። ስለ ቆጣሪ ካቮ፣ የመኪናን ፍጥነት የሚያሳየውን ቆጣሪ ስለሚያዞረው ገመድ።

በቮልስ ወለል ላይ የሠራናትን ባለ ሁለት ወንበር መኪና አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ቆርቆሮ ስንቀጠቅጥ ሰፈሩን እንቅልፍ የነሳን እኛ ነን። ሞተሩ ተነሳ፣ ፍሬኑ ያዘ፣ ቀለሙም አማረ። የቀረው ካቮው ነበር። «ገመድ ነው፣ ምን አለው?» አልኩ። ያልኩት እኔው ነኝ፣ በማንም አላሳብብም።

ቆጣሪያቸው በካቮ የሚሠራ ብዙዎቹ መኪኖች ካቮው የሚነሳው ከካምቢዮ፣ ከማርሽ ሳጥኑ ነው። የቮልስ ግን ከዚያ አይነሳም። የሚነሳው ከግራ የፊት ጎማ ነው። ካቮው መሐሉ ክፍት በሆነው አክስል ውስጥ ያልፍና ጫፉ በጎማው የአቧራ ክዳን ላይ በኮፒሊያ፣ በትንሽ የሽቦ ማቆሚያ ይያዛል። ጎማው ሲዞር ክዳኑ ያዞረዋል። ጎማ ደግሞ በመሪ ይታጠፋል፣ ጉድጓድ ላይ ይነሳል ይወድቃል። ካቮው አብሮት መሄድ አለበት። እኔ ግን ንጹሕ እንዲመስል ብዬ ወጥሬ በሽቦ አሰርኩት። ቆጣሪውን ወደ መሐል ስላመጣነው፣ ከቤንዚን ታንኩ ጀርባ እንደ ክርን አጠፍኩት። ሲያዩት ያምራል!

እሑድ ጠዋት ወደ ደጀን ወጣን። ሉማሜ ሳንደርስ መርፌው መደነስ ጀመረ። 40፣ ወዲያው 80፣ ተመልሶ 30። ጓደኛዬ «እስክስታ ይችላል እንዴ?» እያለ ይስቃል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ሳቁ ቆመ። ጠባብ ኩርባ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዞርኩ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መርፌው ዜሮ ላይ ተኛ። ካቮው ተመዞ ወጥቷል። ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍጥነቴን በሞተሩ ድምፅ እየገመትኩ ወረድኩት።

በካቮው ውስጥ የሚሽከረከር የብረት ሽቦ አለ። ላይኛው ጫፉ ቆጣሪው ውስጥ ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ መርፌው የተያያዘበትን የአሉሚኒየም ጽዋ ሳይነካው ይጎትተዋል፤ ስስ ስፕሪንግ ደግሞ መልሶ ይይዘዋል። መርፌው የሚቆመው በሁለቱ ጉተታ መሐል ነው። ሽቦው ጠባብ እጥፋት ላይ ይያዛል፣ ይጠመዘዛል፣ ድንገት ይለቃል። እስክስታው ከዚያ ነው።

አሁን ሰፊ ቅስት ሰጥተነዋል፤ ራዲየሱ ከ15 ሴንቲ ሜትር አያንስም። ያሰርነውም ፊቷን በክሪክ አንስተን፣ ጎማው ተንጠልጥሎ፣ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ አዙረን አይተን ነው።

አሁን የምናገረው ለጋራዥ ባለቤቶች ነው። ከፊት ተቀምጣችኋልና አትሸሹም። ቆጣሪው የሞተ ስንት ሚኒባስ በእጃችሁ አልፏል? «ሹፌሩ ልምድ አለው» ትላላችሁ። ሕዝብ ጭኖ አባይ በረሃ የሚወርድ ሰው በግምት ይንዳ? ካቮውን ለለማጅ ወርውራችሁ «ቶሎ ጨርስ!» የምትሉት እናንተው ናችሁ! ቀለም ሦስት ጊዜ ታስደግማላችሁ፣ ካቮ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላችሁ አታዩም!

የካቮውን ሽቦ ግራሶ ስታደርጉ ስስ ይሁን። የላይኛውን ጫፍ ስንዝር ያህል ደረቅ ተዉት፤ አለዚያ ቆጣሪው ውስጥ ይገባል። የቮልስ የፊት ጎማ በትልቅ ከቀየራችሁ ደግሞ ቆጣሪው ፍጥነት አሳንሶ ያሳያል። ስለ ሙያ ክብርም ጽፌ ነበር፣ ሰዓቴ አለቀ።

መኪናዋ በር ላይ ቆማለች። ኮፈኑን ክፈቱና ካቮውን ከጎማው እስከ ቆጣሪው በጣታችሁ ተከተሉት። መጀመሪያ ግን ጋዎናችሁን አውልቁ፣ ግራሶ አለው።