ባዶው ቦታ ላይ ፈረመ

እሺ፣ እየቀዳ ነው መሰለኝ። ማይኩ ያው አሮጌው ነው፣ አትጠይቁኝ። የጎረቤት ዶሮ ከገባበት ደግሞ ተጠያቂው ዶሮው ነው።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ላወራ ነበር። ግን የአጎቴ ልጅ... አዎ፣ ባጃጅ ነጂው። ስለ እሱ ሰልችቷችኋል፣ አውቃለሁ። ቅዳሜ እዚህ ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ስር ሁለት ትምህርት ቤቶች በእግር ኳስ ሲጋጠሙ ዳኛው እሱ ነበር።

ጨዋታው አይደለም የያዘኝ። ካለቀ በኋላ ያለው ነው። አሸናፊዎቹ ዋንጫ ከበው ፎቶ ይነሳሉ። ሞንታርቦው ጆሮ ይበጥሳል። እሱ ሽንት ቤቱ ጀርባ ተከልሎ ማልያውን ቀየረ፣ ታኬታውን ፌስታል ውስጥ ከተተ። ከዛ አንድ ሰውዬ ወረቀት ይዞ መጣ። «እዚህ ጋ ፈርምልኝ ወንድሜ።» አንገቴን አስግጌ አየሁ። ስም ተጽፏል፣ ቀን ተጽፏል። «የብር መጠን» የሚለው ሥር ምንም የለም። ባዶ! «ስንት ነው?» አለው። «ሲለቀቅ እንነግርሃለን።» ፈረመ በቃ። «ለስላሳ ጠጣ እንጂ!» አለው ሰውዬው፣ ደግሞ ከልቡ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ሚሪንዳ ነበር፣ የሞቀ። ጠጣው።

ከደቂቃዎች በፊት እኮ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥቶ፣ አንድ አባት ሜዳ ገብተው «ዓይንህ ጠፋ እንዴ፣ አንተ ሌባ!» እያሉ አፍንጫው ሥር ጣታቸውን ሲቀስሩ ንቅንቅ አላለም። በጨዋታው ሕግ የዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ ነው። ያው ሰው ነው ባዶው ቦታ ላይ ቃል ሳይተነፍስ የፈረመው። ይሄ ነገር አልዋጥ አለኝ።

ሕጉ ደግሞ ዳኛ ፊሽካ፣ ሰዓት፣ ቀይና ቢጫ ካርድ፣ ማስታወሻ ደብተር ይያዝ ይላል። ማን ገዛው? እሱ። የመስመር ዳኞቹማ ተማሪዎች ናቸው፣ ባንዲራቸው እንጨት ላይ የታሰረ የዩኒፎርም ቁራጭ። ሳቄ መጣ፣ ከዛ ደግሞ አልመጣም። ጉልበቱ ቢዞርስ? ወጌሻ ጋ በራሱ ኪስ ነው የሚሄደው። ባጃጁ ቆሞ ዋለ፣ የባጃጁ ባለቤት ግን የቀኑን ገቢ ይፈልጋል። ቅዳሜ ደግሞ ሰው ወደ ሐይቁ የሚጎርፍበት፣ ሥራ ያለበት ቀን ነው።

«ስሜቱ ስላለው ነው» ይላሉ። እሺ፣ አለው። ዳኛ ሊዲያ ታፈሰን በፈረንጆቹ 2019 ፈረንሳይ በሴቶች ዓለም ዋንጫ ስታጫውት አይቶ ያበደ ልጅ ነው። ዳኛ በአምላክ ተሰማ ለፈረንጆቹ 2018 የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ሲመረጥማ ሰፈሩን ሁሉ ቡና ሊጋብዝ ነበር፣ በማን ብር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስሜት አለው ማለት ግን በነጻ ይሩጥ ማለት ነው? ስሜት ያለው ሐኪምም ደመወዝ ይበላል።

በጀት የለም ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል። የስፖርት መምህሩ ራሱ ኳስ ከኪሱ እንደሚገዛ ሰምቻለሁ። ግን ባነሩስ? ሞንታርቦውስ? የሞንታርቦው ሰውዬ እኮ ቅድሚያ ካልተከፈለው ገመዱን አይሰካም! ዳኛውም ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ «መጀመሪያ ብሩን» ቢልስ... አይ፣ ልጆቹ ምን አደረጉ። እንጃ።

ያስፈረመውን ሰውዬ ላናግረው ስነሳ የአጎቴ ልጅ እጄን ያዘኝ። «ተው፣ ሁለተኛ አይጠሩኝም።» እኔም ተቀመጥኩ። እዚህ መጥቶ ራሱ ያውራ ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን ድምፁን ያውቁታል። አሁን እኔ ሳወራውስ አያውቁትም? ባጃጅ የሚነዳ ዳኛ ሀዋሳ ውስጥ ስንት አለ... ቆይ፣ ባጃጅ የሚለውን ልቁረጠው መሰለኝ። ወይ መጀመሪያ ልደውልለት። ካልፈለገ ይሄን ክፍል አትሰሙትም፣ ከሰማችሁት ደግሞ... እሺ ብሏል ማለት ነው፣ ወይም እኔ...