ከመቁጠር ወደ ማንበብ፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ መምህራን፣ ወላጆችና ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። የዓመቱን ክንውን በመክፈቻ ንግግር መዘርዘር የተለመደ ቢሆንም፣ ያንን ለዋና ጸሐፊያችን ሪፖርት ትቼ የተሰጠኝን ጊዜ በአንድ ጥያቄ ላይ ላውለው እፈልጋለሁ። አንድን ሕፃን «ማንበብ ቻለ» የምንለው መቼ ነው?

ጥያቄውን ያጫረብኝ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ነው። በእንግድነት በሄድኩበት ቤት የፊደል ገበታውን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ፣ አንዴም ሳይደናቀፍ ወረደው። ቤተሰቡ አጨበጨበለት፤ እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ጣቴን «ዞ» ላይ አሳርፌ «ይህችስ ማን ናት?» ብለው ጥቂት ዝም አለና፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «ዘ፣ ዙ፣ ዚ» ብሎ ከረድፉ መጀመሪያ እየቆጠረ ደረሰባት። ልጁ ዜማውን ያውቃል፤ ፊደሏን ግን ገና አልተዋወቃትም። የቀደሙት የፊደል መምህራን ይህን ድካም ጠንቅቀው ያውቁት ስለነበር፣ «ሀ፣ ሁ»ን የጨረሰውን ተማሪ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» እያሉ ረድፉ በተሰባጠረ ገበታ እንደገና ያስቆጥሩት ነበር። ዜማው ልጁን ተሸክሞ እንዳያሻግረው ያደርጋልና ብልሃቱ ዛሬም አላረጀም።

ነገሩ የአንድ ልጅ ጉዳይ አይደለም። የዓለም ባንክ ከዩኔስኮ፣ ከዩኒሴፍና ከሌሎች ተቋማት ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት መሠረት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ10 ዓመት ልጆች መካከል 70 በመቶ የሚሆኑት አንድ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ከእነዚህ ውስጥ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ቢኖሩም፣ ብዙዎቹ ግን ለዓመታት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የቆዩ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ አንብቦ መረዳት የሁለት ችሎታዎች ብዜት ነው የሚል ቀመር አቅርበዋል። አንደኛው የተጻፈውን ወደ ድምፅ የመፍታት ችሎታ ሲሆን ሁለተኛው ቋንቋውን ሰምቶ የመረዳት ችሎታ ነው። ብዜት መባሉን ልብ በሉልኝ፤ ድምር ቢሆን ኖሮ የአንዱን ጉድለት ሌላው በካሰው ነበር፤ በብዜት ግን አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። ፊደሉን አሳምሮ እየጠራ ትርጉሙ የማይገባው ልጅና፣ ተረት ሲነገረው ሁሉ የሚገባው ነገር ግን ፊደል የማይለይ ልጅ፣ መጽሐፍ ፊት ሲቀመጡ እኩል ባዶ እጃቸውን ይነሣሉ።

ቀመሩ የተጻፈው የእኛን ፊደል አስቦ ባይሆንም፣ በአማርኛ ሁለቱ ችሎታዎች ከሌላው ይልቅ የተጠላለፉ ይመስለኛል። እንደ «ኳ» እና «ጓ» ያሉትን ሳንቆጥር 33ቱ ፊደላት በ7 መልክ ተባዝተው 231 ይሆናሉ። ቁጥሩ ያስፈራል፤ ሆኖም ገበታው ሥርዓት አለው። በአብዛኞቹ ካዕቦች፣ ማለትም በ«ቡ»፣ በ«ሱ»፣ በ«ኩ» እና በ«ዙ» ላይ፣ ከቀኝ ጎን የምትወጣው አጭር ጭረት አንድ ናት፤ የ«ቤ»፣ የ«ሴ» እና የ«ኬ» ቀለበትም እንዲሁ። ይህን ዝምድና የተገለጠለት ልጅ 231 ሥዕል ከመሸምደድ ይድናል። ሳድስና ሳብዕ ግን ቅርጻቸው አንድ ወጥ ስላልሆነ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ መምህሩም ሰፋ አድርጎ ቢመድብላቸው ይገባል።

ዋናው ችግር ከገበታው ወደ ቃል ስንሻገር ይመጣል። «ብርድ» የሚለው ቃል ሦስት ሳድሶች ናቸው። ሦስቱን በገበታው ላይ እንደሚጠራቸው ለየብቻ የሚጠራ ልጅ ሦስት ቁርጥራጭ ድምፆች ያወጣል እንጂ ብርድን አያገኝም፤ «ብ» ላይ የምትሰማው አናባቢ «ር» እና «ድ» ላይ የለችምና። ደግሞ «ልጁ ምሳውን ይበላል» እና «ምሳው ይበላል» የሚሉትን ተመልከቱ። የግሱ ፊደላት አንድም ሳይለወጡ በመጀመሪያው «በ» ይላላል፣ በሁለተኛው ይጠብቃል። መጥበቁንና መላላቱን ፊደሉ አይነግረንም። የሚነግረን ዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም የሚናገረው ቋንቋውን አስቀድሞ በጆሮው ለጠገበ ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ ትክክለኛውን ድምፅ ለማውጣት እንኳ አስቀድሞ ትርጉሙን መጠርጠር አለበት። «መጀመሪያ ፊደሉን ይልመድ፣ መረዳቱ በኋላ ይመጣል» የሚለው አባባል የማይዋጥልኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ፣ ፊደልን የመፍታቱ ሥራ በዋናነት የመምህሩ መሆኑን አምናለሁ። ዕውቀቱም ሥልጠናውም ያለው እሱ ጋ ነው። ጊዜው ግን ያንሰዋል። 60 ልጆች ባሉበት ክፍል የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ድምፅ አሰምቶ ለማንበብ ቢውል እንኳ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። መፍትሔ ተደርጎ የሚወሰደው የኅብረት ንባብ ክፍሉን ያሞቃል፤ ነገር ግን ከጎረቤቱ አፍ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ የሚከተለውን ልጅ ይሸሽግልናል። (እኔ ራሴ በተማሪነቴ እንዲህ ተሸሽጌ ከርሜያለሁ።) ልጆችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አንዱ ለሌላው እንዲያነብ ማድረግ ወጪ የለውም፤ መምህሩም በየቀኑ አምስት ልጆችን ብቻ መርጦ ለብቻ ቢያዳምጥ በ12 የትምህርት ቀናት ውስጥ ስድሳውንም ያዳርሳል። የማየትና የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ «ሰነፍ» የሚል ስም የሚወጣለት ቀርቦ ያዳመጠው ሰው በመጥፋቱ ነው።

ስለ ቤት ስናገር ከራሳችን ስሕተት ልጀምር። ማኅበራችን ለዓመታት ወላጆችን ሲመክር «ማታ ማታ ፊደል አስቆጥሯቸው» ይል ነበር፤ እኔም በየመድረኩ ይህንኑ ደግሜያለሁ። አሁን ሳስበው ወላጁን የጠየቅነው መምህሩ የሚሠራውን ሥራ፣ ያለ መምህሩ ሥልጠና፣ ከቀኑ ድካም በኋላ እንዲደግመው ነበር። ውጤቱም በብዙ ቤት ቁጣ ሆነ፤ ልጁ ይንተባተባል፣ አባት ይቆጣል፣ መጽሐፉም ከቅጣት ጋር ይያያዛል።

ቤት ከትምህርት ቤት የሚበልጥበት ነገር ሌላ ነው፤ ጨዋታና ወሬ። ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ገና ሁለትና ሦስት ዓመት ገደማ ለሆኑ ልጆች መጽሐፍ ከሚያነቡ ወላጆች መካከል ከፊሎቹ ክፍት ጥያቄ እንዲጠይቁና የልጁን አጭር መልስ አስፍተው እንዲመልሱለት አሠለጠኑ። ሌሎቹ ወላጆች ንባቡን በዚያው መጠን እንደ ልማዳቸው ቀጠሉ። ከአንድ ወር በኋላ በንግግር ችሎታ ቀድመው የተገኙት የተጠየቁት ልጆች ነበሩ። «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ «ውሻ» የሚል መልስ ያመጣል፤ «ውሻው ለምን የሮጠ ይመስልሃል?» የሚለው ግን ልጁ ዓረፍተ ነገር እንዲሠራ ያስገድደዋል።

በዚህ መንገድ ራሱ ማንበብ የማይችል ወላጅም ሙሉ ድርሻ ያገኛል፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ተረት መንገር፣ «ከዚያስ?» ብሎ መጠየቅ፣ በ«መ» የሚጀምሩ ስሞችን በአፍ መፈላለግ ፊደል አይጠይቅም። ልጁ ሲያነብ አጠገቡ ተቀምጦ መስማትና ስላነበበው ታሪክ ማስወራትም እንዲሁ። በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ቤተሰብ በደንብ በሚያውቀው ቋንቋ ያጫውተው፤ በተሰባበረ አማርኛ ከሚነገረው ይልቅ በቤቱ ቋንቋ የሰማው የጠራ ታሪክ ይበጀዋል። ማንበብ የሚችለው ወላጅ ደግሞ ልጁ ቃል ላይ ሲያቆም ወዲያው አይንገረው። በልቡ እስከ አምስት ይቁጠር፤ ካልመጣለት የመጀመሪያዋን ድምፅ ብቻ ይስጠው። ያንኑ መጽሐፍ ለአሥረኛ ጊዜ ካመጣም አይሰልች፤ ያነበበውን መድገም ቅልጥፍና የሚገኝበት መንገድ ነው።

በዚህ ጉባኤ ላይ የሥራ አስፈጻሚው ሁለት ሐሳቦችን ለውሳኔ ያቀርባል። የመጀመሪያው፣ ለወላጆች የምናድለው የምክር ወረቀት ማስቆጠርን ትቶ ማጫወትን፣ መጠየቅንና ማዳመጥን እንዲይዝ፣ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆችም ይዘቱ በቃል እንዲነገር ነው። ሁለተኛው፣ በፈቃደኛ አባሎቻችን አማካይነት ልጆችን ለብቻ የማዳመጡን ሥራ በክፍል ውስጥ ማገዝ ነው። በሁለተኛው ላይ ከመምህራን በኩል ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከክፍሉ ውጭ የመጣ ሰው ሥራቸውን እንዳያበላሽ መሥጋታቸው ተገቢ ስለሆነ፣ ከድምፅ መስጫው በፊት በቂ ጊዜ እንዲሰጣቸው ሰብሳቢው ጠይቋል።

ጉባኤው መከፈቱን በዚሁ እያበሠርኩ፣ ዋና ጸሐፊያችን ሪፖርታቸውን እንዲያቀርቡ በአክብሮት እጋብዛለሁ።