ሰባት ከተማ የሰረዝኩበት ደብተር

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የዛሬው ወሬዬ ገና ስላልሄድኩት ጉዞ ነው። የፊታችን ማክሰኞ ከፍራንክፈርት ዋና ባቡር ጣቢያ ተነሥቼ፣ ቦርሳዬን በጀርባዬ አዝዬ፣ ለ16 ቀናት በባቡር እዞራለሁ። ተመልሼ ብተርከው ፎቶው ያማረለት ነገር ብቻ እንደሚቀረኝ ስለጠረጠርኩ፣ የዝግጅቱ ድካም ሳይረሳኝ ዛሬ ልንገራችሁ ብዬ ማይክሮፎኑን ከፍቻለሁ።

ገንዘቡ የዕቁብ ገንዘብ ነው። እዚህ ፍራንክፈርት የምንኖር አሥር ሐበሾች በየወሩ መቶ መቶ ዩሮ እንጥላለን፤ በመጋቢት ወር ዕጣው ለእኔ ወጣና አንድ ሺህ ዩሮ በእጄ ገባ። ሌሎቹ ሲደርሳቸው መኪና ያሠራሉ፣ ለቤተሰብ ይልካሉ፤ እኔ ግን ጀርመን ከገባሁ ጀምሮ የምሠራበትን የአረጋውያን መጦሪያና የምኖርበትን ክፍል እንጂ አውሮፓ የሚባለውን ነገር አይቼው እንደማላውቅ ስለተሰማኝ፣ ይህችን አንድ ሺህ ዩሮ ሳላስነካ ለመንገድ እንዳውላት ለራሴ ቃል ገባሁ። የሚያስቸኩል ነገርም ነበረብኝ። በአውሮፓ ነዋሪ ለሆነ ሰው የሚሸጠው ኢንተርሬይል የተባለው፣ በአንድ ትኬት ብዙ ባቡር የሚያሳፍረው የባቡር ፓስ እስከ 27 ዓመት ላሉ ወጣቶች እስከ ሩብ የሚደርስ ቅናሽ አለው፤ ዕድሜው የሚታየውም ፓሱ ሥራ በሚጀምርበት ቀን ነው። እኔ መስከረም 3 ቀን 28 ዓመት እሞላለሁ። ስለዚህ ቅናሹን ከፈለግሁ አዲሱ ዓመት ሳይብት ባቡሩ ላይ መሆን ነበረብኝ።

የመጀመሪያውን እቅድ የጻፍኩት በአንድ ቅዳሜ ማታ ነው፤ ደብተሩ አሁንም አጠገቤ አለ። አምስተርዳም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ባርሴሎና፣ ሮም፣ ቪየና፣ ቡዳፔስት፣ ፕራግ፣ በርሊን፤ ዘጠኝ ከተማ በ16 ቀን። ካርታው ላይ መስመሩን ሳሰምረው እንደ አንገት ሐብል ያምር ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን በእርሳስ ማስላት ጀመርኩ። አንድ ሰው ከተማ በለወጠ ቁጥር አንድ የመንገድ ቀን ይበላል፤ እንደደረሰ ማደሪያው እስኪከፈት ቦርሳውን ከፍሎ ያስቀምጣል፤ የከተማ አውቶቡስ ትኬት እንደገና ይገዛል፤ ርካሽ ሱቅ የት እንዳለ ገና ስለማያውቅ የመጀመሪያውን ምሳ ጣቢያው ውስጥ በውድ ዋጋ ይበላል። ሦስተኛው ቀን ላይ ሱቁንም፣ የውሃውን ቧንቧም፣ በእግር የሚያዋጣውን መንገድም ለይቶ ስለሚያውቅ ወጪው በግማሽ ይወርዳል፤ በእኔ እቅድ ግን የትም ሦስተኛ ቀን አልነበረም። ቦርሳ የሚያራቁተው መቆየቱ ሳይሆን መነሣቱ መሆኑን ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ወር በሙሉ የመሰረዝ ሥራ ሆነ።

ስለ ፓሱ ትንሽ ላብራራ፤ እኔም ለመረዳት ብዙ ምሽት ፈጅቶብኛልና። ኢንተርሬይል እ.ኤ.አ. በ1972 ሲጀመር እስከ 21 ዓመት ላሉ ወጣቶች ብቻ የተዘጋጀ ነበር፤ ዛሬ ለሁሉም ዕድሜ ሆኖ በ33 አገሮች ያገለግላል። ከአሜሪካ ወይም ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ዩሬይል የተባለው አቻው አለ። የእኔ በአንድ ወር ውስጥ አምስት የመንገድ ቀን የሚሰጠው ዓይነት ነው፤ በአንዱ የመንገድ ቀን ውስጥ አሥር ባቡር ብሳፈርም የሚቆጠርብኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ሌሊት የሚሄድ ባቡር ከእኩለ ሌሊት በፊት ከተሳፈሩበት፣ እስኪወርዱም ካልለወጡት፣ የሚቆጠረው የተነሡበት ቀን ብቻ ነው። ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፦ የሚኖሩበት አገር ውስጥ ፓሱ የሚሠራው ለመውጫ አንድ ቀን፣ ለመግቢያ አንድ ቀን ብቻ ነው። በርሊን የተሰረዘችው በዚህ ነው፤ ለእሷ የምከፍለው የመንገድ ቀን ከንቱ ኪሳራ ስለሆነ ሌላ ቅዳሜና እሑድ እሄድባታለሁ።

ፓስ ያለው ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሳፈራል ማለት አይደለም። በጀርመንና በኦስትሪያ ውስጥ በአብዛኛው ሳያስይዙ መግባት ይቻላል፤ በፈረንሳይና በስፔን ፈጣን ባቡሮች ግን መቀመጫ ማስያዝ ግዴታ ነው፣ በፈረንሳይ በኩል ለፓስ የሚሰጠው ቦታም የተወሰነ ነው። ፓሪስና ባርሴሎና በዚህ ምክንያት አብረው ወጡ። ለንደን በአንድ ቪዛ ከሚዞሩባቸው የሼንገን አገሮች ውስጥ ስላልሆነች የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች፤ እሷን ለመሰረዝ ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም። አምስተርዳምን የሰረዘው የማደሪያው ዋጋ ነው። ቡዳፔስትንና ፕራግን ስሰርዝ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እጄ ከብዶኝ ነበር፤ ቡዳፔስትን ሁለት ጊዜ ሰርዤ አንድ ጊዜ መልሻታለሁ።

ትኬቶቹን አንድ በአንድ አስቀድሜ ብገዛቸው ደግሞ አርባ ዩሮ ያህል ይረክስልኝ ነበር፤ ይህን የምነግራችሁ ፓስ ሁልጊዜ እንደሚያዋጣ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ስላሉ ነው። ርካሽ ትኬት ግን ከአንድ ባቡር ጋር ያስራል፤ ያ ባቡር ካመለጠ ገንዘቡም አብሮ ያመልጣል። የመጀመሪያ ጉዞዬ ስለሆነና ባቡር እንደሚያመልጠኝ ስለማውቅ፣ አርባውን ዩሮ ለስሕተቴ መድን አድርጌ ከፈልኩት።

ከአዲስ አበባ የምታዳምጡኝ፣ የእናንተ ስሌት ከእኔ በፊት አንድ በር አለበት። እኔ በጀርመን የመኖሪያ ፈቃዴና በፓስፖርቴ በሌሎቹ የሼንገን አገሮች ከማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መዘዋወር እችላለሁ፤ እናንተ ግን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ክፍያው እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድንም ይጠየቃል። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ስለሆነ፣ ደርሼ እወስናለሁ የሚለው ነፃነት ለእኛ ፓስፖርት አልተሠራም። ከተሞቹን መቀነስ እዚህም ይጠቅማል፤ አራት ከተማ ያለበትን መርሐ ግብር በወረቀት ማስረዳት ዘጠኝ ካለበት ይቀላል።

ከዘጠኙ የቀሩት ቪየናና ሮም ናቸው፤ ፍሎረንስንና በስዊዘርላንድ ድንበር ያለችውን የጣሊያን ከተማ ቲራኖን ጨምሬ መንገዱ ይህ ነው፦ ማክሰኞ ከፍራንክፈርት ቪየና፣ ሦስት ሌሊት። ዓርብ ማታ በሌሊት ባቡር ወደ ሮም። ሮም ስድስት ሌሊት፣ ፍሎረንስ ሦስት፣ ቲራኖ ሁለት፣ ከዚያ በስዊዘርላንድ በኩል አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ ወደ ቤት። ለመንገድ 330 ዩሮ፣ ለማደሪያ 430፣ ለምግብ 160፣ የቀረው 80 ደግሞ ለመግቢያ፣ የጣሊያን ከተሞች ከማደሪያው ዋጋ ላይ ለየሌሊቱ ለሚያስከፍሉት ግብር፣ እንዲሁም ጣቢያ ውስጥ ለመጸዳጃ ቤት ለሚጠየቀው ሳንቲም።

ናይትጄት በተባለው የኦስትሪያ የሌሊት ባቡር ላይ ሦስት ዓይነት ቦታ አለ፤ መቀመጫ፣ ተደራራቢ አልጋ ያለው የጋራ ክፍል፣ እና የግል የመኝታ ክፍል። ፓስ ያለውም ቢሆን ለቦታው ይከፍላል። ስድስት ሰው ከሚተኛበት ክፍል ለሴቶች ብቻ የተለየውን መርጬ ነበር፤ ልክፈል አልክፈል ብዬ ሦስት ቀን ስዘገይ ርካሹ አልቆ በበለጠ ዋጋ ገዛሁት። ቢሆንም የአንድ ሌሊት ማደሪያ ስለሚያድንልኝ አልቆጨኝም። ሮም ቅዳሜ ጠዋት መግባቴም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ኮሎሲየምን ጨምሮ የመንግሥት ቅርሶችና ሙዚየሞች በነፃ ይከፈታሉ።

ሮም ውስጥ ማደሪያ ስፈልግ የገጠመኝን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ርካሾቹ ቴርሚኒ በተባለው ዋና ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ናቸው፤ በስልኬ ካርታውን ሳሰፋው የጣቢያው ፊት ለፊት አደባባይ ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንኳቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይላል። ማታ ለአባዬ ደውዬ እንደ ቀልድ ባነሣው ሳቁን ለቀቀውና «ልጄ፣ አምስት መቶዎቹ እኮ የአሉላ አምስት መቶዎች ናቸው» አለኝ። እውነቱን ነው። በጥር 1879 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1887፣ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች የተሰየመ አደባባይ ነው፤ መታሰቢያ ሐውልታቸውም ከጣቢያው ጥቂት ደቂቃ በእግር ያስኬዳል። ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት በወረራው ዘመን ተዘርፎ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳም ከዚሁ ሐውልት ሥር ነበር የቆመው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመልሶ ዛሬ ለገሀር ይገኛል። ለገሀር የሚለው ስም ራሱ ላ ጋር ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ባቡር ጣቢያ። አባዬ በወጣትነቱ ከለገሀር ድሬዳዋ በባቡር ስለተመላለሰ ጉዞዬን ከእኔ በላይ ይከታተለዋል፤ አልጋ ቁጥሬን ሁሉ ያውቃል። ዕንቁጣጣሽ ሮም ላይ ስለሚውልብኝ፣ ያን ቀን ቴርሚኒ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ እንድበላ 15 ዩሮ ለይቼ አስቀምጫለሁ። በሌላው ቀን ከሱቅ ዳቦና አይብ እገዛለሁ፤ ውሃ ደግሞ ሮም ውስጥ ናዞኒ ከሚባሉት ከ2,000 በላይ የመንገድ ቧንቧዎች በነፃ ይቀዳል።

ከሮም ፍሎረንስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ፓስ ያለው ሰው ግን ለመቀመጫ ከ10 ዩሮ በላይ ይጨምራል፤ ቀርፋፋው የክልል ባቡር ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል፣ ማስያዝም አያስፈልገውም። ቀርፋፋውን መረጥኩ። ፈጣኑን የምከፍልለት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከፍሎረንስ ወደ ሚላኖ። በዚያ ቀን ጉዳይ ላይ ደግሞ ያሳፈረኝን ስሕተት ሠርቻለሁ። ከፍሎረንስ የሚነሣው ባቡር በ13፡00 ነበር፤ እኔ ግን በአገር ቤት ልማዴ ደብተሬ ላይ «7 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ገልጬ ሳነበው እንደ ፈረንጅ 7፡00 ሆኖ ታየኝና፣ ከሚላኖ ወደ ቲራኖ ረፋዱ ላይ የሚሄደውን ባቡር ቀጥሎ ጻፍኩ። እኔ ገና ፍሎረንስ ቁጭ ብዬ ሳለሁ የሚሄድ ባቡር ማለት ነው! ያዳነኝ የፓሱ መተግበሪያ ነው፤ ሁለቱን ባቡሮች ላገናኛቸው ብሞክር እምቢ አለኝ። ሰዓቱ ገና በወረቀት ላይ ስለነበረ ምንም አልከፈልኩበትም፤ ደብተሩን ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንደገና ገለበጥኩት።

የመጨረሻው ቀን የምጓጓለት ነው። ከቲራኖ ወደ ስዊዘርላንድ የሚወጣው የበርኒና ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1910 ሙሉ በሙሉ የተከፈተ፣ በ2008 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ከ429 ሜትር ተነሥቶ፣ ለዳገት የሚዘረጋው ጥርስ ያለው ሐዲድ ሳያስፈልገው እስከ 2,253 ሜትር ይወጣል፣ ብሩዚዮ ላይ ደግሞ በድንጋይ ቅስቶች ላይ ተጠምዝዞ የገዛ ራሱን መንገድ ከሥር ያቋርጣል። ቱሪስቱ ሁሉ የሚሽቀዳደምለት ጣሪያው ሳይቀር መስታወት የሆነው ባቡር ተጨማሪ ክፍያ አለው፤ በዚያው ሐዲድ ላይ የሚሄደው ተራው ባቡር ግን የለውም፣ አንዳንዱ ፉርጎ እንዲያውም መስኮቱ ይከፈታል። ደግሞ ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ ያን ያህል የሚደነቅለት ከፍታ ከፒያሳ ያነሰ ነው፣ የእኛዋን ፒያሳ ማለቴ ነው። ስዊዘርላንድ ውድ ስለሆነች ሌሊት አላድርባትም፤ ኩርንና ዙሪክን አልፌ፣ ባዝል ላይ ባቡር ለውጬ በዚያው ምሽት ፍራንክፈርት እገባለሁ።

ለዚያ ቀን ስንቄ በሶ ነው። አክስቴ ከአገር ቤት ያስመጣችውን ግማሽ ኪሎ በሶና አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ሰጥታኛለች፤ በሶ እሳት አይፈልግ፣ ምጣድ አይፈልግ፣ በጠርሙስ ውሃ መበጥበጥ ብቻ ነው። ችግሩ በሶውን ስትሰጠኝ ጋቢም አብራ ማምጣቷ ነው። ቦርሳዬ 40 ሊትር ነው፤ ሁለት ሱሪ፣ አራት ካናቴራ፣ የዝናብ ካፖርት፣ የማደሪያው የዕቃ ሳጥን የሚቆለፍበት ትንሽ ቁልፍ፣ የስልክ ቻርጀርና ፓስፖርቴ ከነመኖሪያ ፈቃዴ ገብተውበት ሚዛን ላይ ሳወጣው 8 ኪሎ ከ300 ሆነ። ጋቢው ሲጨመር 10 ኪሎ ሊደፍን ምንም አይቀረው። የሌሊቱ ባቡር አንሶላና ብርድ ልብስ ይሰጣል ብዬ ብነግራት «ማን እንደለበሰው የማይታወቅ ብርድ ልብስ» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ትናንት ማታ ጋቢውን አውጥቼ በምትኩ ነጠላ ከተትኩ፤ ዛሬ ጠዋት ነጠላውን አወጣሁና ጋቢውን መለስኩ፣ ከካናቴራዎቹ ሁለቱን ቀነስኩ።

ባቡሩ ማክሰኞ በ8፡20 ይነሣል፤ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ20። ደብተሩ ላይ ሁለቱንም ጽፌዋለሁ።