የአደንዛዥ ዕፅ አነፍናፊ ውሾችን የሚፈትን ዳኛ ለመሆን

[ምስል፦ መጋዘን ውስጥ ውሻውን በገመድ የያዘ ፖሊስ]

ተራኪ፦ በአሜሪካ አነፍናፊ ውሻ መኪና አጠገብ ምልክት ከሰጠ፣ ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መኪናውን ሊበረብር ይችላል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013፣ በፍሎሪዳና በሃሪስ መዝገብ፣ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው አንድ ነገር ወሰኑ፦ ውሻው እምነት በሚጣልበት ድርጅት ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ካገኘ፣ የሚያስተባብል ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ምልክቱ ለፍተሻ በቂ ምክንያት ነው። ስለዚህ ያንን ወረቀት የሚፈርም ሰው የማያውቀውን ሰው መብት በእጁ ይዟል።

የውሻ ፈተና ዳኝነት ማዕረግን የሚሰጡት እንደ ዩናይትድ ስቴትስ ፖሊስ ኬናይን አሶሲዬሽን ያሉ የሙያ ማኅበራት ናቸው። መስፈርታቸው ቢለያይም መንገዱ ይቀራረባል፦ ለዓመታት ውሻ መምራት፣ ማሰልጠን፣ ከዚያም ከነባር ዳኛ ጎን ቆሞ መለማመድ።

[ምስል፦ ጓንት ያጠለቀ እጅ መሳቢያ ሲከፍት]

ከዳኛው ሥራ አብዛኛው ውሻው ከመግባቱ በፊት ያልቃል። ዕፁን ስትደብቁ በቀጥታ ወደ መደበቂያው ሄዳችሁ ከተመለሳችሁ፣ ውሻው የእናንተን የእግር ጠረን ተከትሎ ይደርስበታል። ስለዚህ ሁሉንም ክፍል ርገጡ፤ ምንም የማታስቀምጡበትንም መሳቢያ ክፈቱ፣ ንኩ። ለእያንዳንዱ ዕፅ ጓንት ቀይሩ። ማሳሳቻዎቹን፣ ማለትም ምግብ፣ የቴኒስ ኳስ፣ አዲስ ፕላስቲክ ከረጢትና ያልተነካ ጓንት፣ አስቀድማችሁ አኑሩ፤ ዕፁ መጨረሻ ይግባ። ባዶ ከረጢት ከሌለ ውሻው ኮኬይኑን ይሁን ፕላስቲኩን ያሸተተው አይታወቅም።

ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ጠረኑ እስኪሰራጭ ጊዜ ይፈልጋል። ኤሲ ወይም ቬንቲሌተር ካለ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ መዝግቡ፤ ጠረኑ ከመደበቂያው ርቆ ጥግ ላይ ሊከማች ይችላልና። ዕፅ የነበረበትን ቦታ በዚያው ቀን እንደ ባዶ አትቁጠሩት፤ ዕፁ ቢነሳም ጠረኑ ይቀራል። ዕፁ ሲወጣም ሲመለስም ይመዘን፤ ናሎክሶንም (እንደ ሄሮይን ባሉ ዕፆች የተመረዘን ሰው የሚታደግ መድኃኒት) አጠገባችሁ ይኑር።

[ምስል፦ ገመዱን ያሳጠረ መሪ]

ከሁሉ የከፋው ችግር ግን ገመዱን ከያዘው ሰው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች 18 መሪዎችን ከነውሾቻቸው ምንም ያልተደበቀበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስፈለጉ። መሪዎቹ ግን የሚገኝ ነገር እንዳለ እንዲያምኑ ተደርገው ነበር። ከ144 ፍለጋዎች አንድም የሐሰት ምልክት ያልታየባቸው 21 ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ስንት ቦታ እንደተደበቀ ለመሪው አትንገሩት፤ ምንም የሌለበት ክፍልም ይግባ። መሪው የውሻው ምልክት መቀመጥ፣ መተኛት ወይስ ደርቆ መቆም እንደሆነ አስቀድሞ ያሳውቅ። በፍለጋው ወቅት እጁን ተመልከቱ፦ ገመዱን ያጠብቃል? ውሻውን አንዱ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይመልሰዋል? እጁን የውሻው ሽልማት የሆነው አሻንጉሊት ወዳለበት ኪስ ይሰዳል? «እዚህ ነው» ብሎ ቦታውን እስኪናገር ፊታችሁ አይለወጥ፤ ዳኛው ሲጠጋ ወይም ትንፋሹን ሲይዝ መሪውም ውሻውም ያነብቡታል። የተሻለው አሠራር ክፍሉ ውስጥ ያለ ማንም ሰው መልሱን ሳያውቅ፣ ውጭ ያለ ሰው በሬዲዮ ትክክል መሆኑን እንዲያረጋግጥ ማድረግ ነው። አድካሚ ነው፤ ሆኖም ከዚህ ያነሰ ፈተና በሙሉ ልብ የሚፈረምበት አይመስለንም።

ራሳችሁ ያሰለጠናችሁትን ወይም የሸጣችሁትን ውሻ አትፈትኑ። የወደቀውንም እንደወደቀ መዝግቡ፤ በሃሪስ ውሳኔ መሠረት ተከሳሽ ፈተናው ልል ነበር ብሎ መከራከር ይችላል፣ እናንተም ለምስክርነት ልትጠሩ ትችላላችሁ።

ወረቀቱ ላይ ውሻው የተፈተነባቸው ዕፆች አንድ በአንድ በስማቸው ይጻፉ። ካናቢስ ለአዋቂዎች በሕግ የተፈቀደባት የኮሎራዶ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ካናቢስንም የሚያመለክት ውሻ ማሰማራት ራሱ እንደ ፍተሻ ይቆጠራል፣ አስቀድሞ በቂ ምክንያት ይፈልጋል ብሏል። «አደንዛዥ ዕፅ» ተብሎ በጅምላ የተሞላ ወረቀት እዚያ ውሻው ካናቢስን ከሚያመለክቱት ይሁን ከማያመለክቱት አይናገርም።