የተቆረጠው ዘጠኝ ደቂቃ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ብቻዬን ልነግራችሁ የሚገባኝ የራሴ ጥፋት አለ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በሚጀምርበት በአዲስ አበባ ጫፍ። በኮንዶሚኒየሙ ኮሚናል ውስጥ ስድስት በጎ ፈቃደኞች ሆነን በየአሥራ አምስት ቀኑ የውይይት መርሐ ግብር እንቀርፃለን። ጎረቤቶቻችን «የእኛ ቴሌቪዥን» ይሉታል፤ እኛ ግን ጣቢያ አይደለንም። አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ከሕዝብና ከንግድ ብሮድካስት ለይቶ ቢያውቅም፣ ፈቃዱም ማሠራጫውም ከስድስት ሰው ኪስና ጉልበት በላይ ነው። ስለዚህ የቀረፅነውን ቅዳሜ ማታ እዚያው ኮሚናል ውስጥ በትልቅ ስክሪን እናሳያለን፤ ያልመጣ ሰው በቴሌግራም ያየዋል። የአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የለመድነው ወሬ ከሩቅ ተነሥቶ ቤታችን ሲገባ ነበር፤ እዚህ ግን የሚናገረው ሰው ከሚያዳምጠው ጋር አንድ ደረጃ የሚወጣና አንድ የውኃ ፈረቃ የሚጠብቅ ነው።

ብዙ ሰው የዚህ ሥራ ጭንቅ ካሜራ ይመስለዋል። ለምስሉ ሁለት ስልክ በቂ ነው፤ የሚያስጨንቀው ድምፅ ነው። ባዶው የሲሚንቶ ግድግዳ ድምፁን ስለሚያስተጋባ ከየቤታችን ብርድ ልብስና ጋቢ አምጥተን ዙሪያውን በገመድ እንሰቅላለን (አንድ ጊዜ የጎረቤታችን የሠርግ ጋቢ ከእንግዳው ጀርባ ታይቶ ሰፈሩ ሰነባብቶ ስቆብናል)። የምንቀርፀው እሑድ፣ ከቅዳሴ መውጫ እስከ ዙህር አዛን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ፈረቃው ደርሶ ውኃ በመጣበት ቀን ግን ሥራ አይታሰብም፤ ሮቶው ሲሞላ፣ ጀሪካኑ በደረጃው ሲንኳኳ ማይኩ ሌላ ነገር አይሰማም።

በዚያ ሰሞን ርዕሳችን ራሱ ውኃ ነበር። ከጋበዝናቸው አንዷ ቤቶቹ ሳይሠሩ በፊት እዚህ ሲያርሱ የኖሩ እናት ናቸው፤ ሁላችንም አዴ እያልን እንጠራቸዋለን። ድሮ ውኃ ከየት ይቀዱ እንደነበር ስጠይቃቸው በአማርኛ ጀመሩና ሳያስቡት ወደ አፋን ኦሮሞ ገቡ፤ በእጃቸው አንዴ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ወደ ወለሉ እያመለከቱ ዘጠኝ ደቂቃ ተናገሩ። ከቃላቱ መካከል የገቡኝ ጥቂት ስለነበሩ ራሴን እየነቀነቅኩ ቆየሁ። ሌሊት ለኤዲቲንግ ስቀመጥ የመርሐ ግብራችን ልክ አርባ ደቂቃ መሆኑን አሰብኩና «ስለ እርሻቸው ነው፣ ከርዕስ ውጪ ነው» ብዬ ዘጠኙንም ቆረጥኩት። ማንም አላዘዘኝም። በላያችን አለቃ አለመኖሩን ሁልጊዜ እንደ ነፃነት እቆጥረው ነበር፤ ያን ሌሊት ግን «የተናገሩትን ማን ተረጎመልህ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ አዴ ነጭ ለብሰው፣ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው መጡና ከፊት ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ «ውኃውማ…» ብለው አፋቸውን እንደከፈቱ ምስሉ ወደ ሌላው እንግዳ ዘለለ። እርሳቸው ግን መቀጠሉን ይጠብቁ ነበር። መርሐ ግብሩ አልቆ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ወንበር ስንሰበስብ እንኳ አልተነሡም። ጠጋ ስል ቀና ብለው «ልጄ፣ ሌላው ነገ ነው?» አሉኝ።

«በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው» አልኳቸው። ውሸቴን ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ እውነት ከማድረግ ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

አፋን ኦሮሞ የምትችለው ባልደረባችን እየሰማች ስትተረጉም፣ እኔ የግርጌ ጽሑፉን ስጽፍ አመሸን። ቱሉ ዲምቱ «ቀዩ ኮረብታ» ማለት መሆኑን፣ እዚህ ለዓመታት ኖሬ፣ የሰማሁት ያን ማታ ነው። ከርዕስ ውጪ ያልኩት ንግግርም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስለ ውኃ ነበር፤ ከሽምብራው ማሳ በታች ስለነበረው ምንጭ፣ በበጋ ማን ቀድሞ እንደሚቀዳ፣ ከብቶቹ በየት በኩል እንደሚወርዱ። ወደ ወለሉ ያመለከቱት ምንጩ ከእኛ ሮቶ ብዙም እንደማይርቅ ሊያሳዩን ነው። የሚገርመው፣ ለሌላው እንግዳ ስለ ፈረቃ ያቀረብነው ጥያቄ ሁሉ ወረፋ እንዴት ይያዝ የሚል ነበር፤ አዴ ያን ጊዜ መልሰውት ነበር።

በተከታዩ ቅዳሜ ዘጠኙን ደቂቃ ብቻውን አሳየን። የልጅ ልጃቸው ጽሑፉን በጆሯቸው እያነበበላቸው ሳለ አዴ እጃቸውን አነሡ፤ አቆምነው። «የሽምብራ ማሳችን እዚህ ነበር» ብዬ ጽፌያለሁ።

«ነበር አላልኩም» አሉ፤ «ነው ነው ያልኩት።»

ባልደረባችን መልሳ አዳመጠች፤ እውነታቸውን ነበር። ቃሉን አርመን ፋይሉን ሰኞ በቴሌግራም ለቀቅነው።